ጆሮ ሲጮህና ድምፅ ሲከብድ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ የአሠራር መመሪያ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ ወይም ለገጣፎ ለሚኖር ሰው የጆሮ ጩኸት ቀንና ሌሊት መልኩ ይለያያል። ቀን የብየዳ ቤቱ ግራይንደር፣ የብሎኬት ማምረቻው ንዝረትና የሚኒባሱ ጥሩምባ ያደክሙታል። ማታ ሠፈሩ ጭር ሲል ደግሞ ከውሻ ጩኸት በቀር የሚሰማ ነገር ስለሚጠፋ ጭውታው ብቻውን ጎልቶ ይወጣል። ብዙ ሰው ታዲያ ቀን ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ይውላል፣ ማታ በርና መስኮት ዘግቶ ፍጹም ጸጥታ ይፈልጋል። ሁለቱም አካሄድ ችግሩን ያብሱታል። ጆሮዎን በእውነት ከሚጎዳው ድምፅ ይጠብቁት፤ ከዚያ በታች ካለው ድምፅ ግን አያርቁት፤ ጸጥታውንም በለሆሳስ ድምፅ ይሙሉት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን እንዴት እንደሚሠሩት ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ሥራውን ያቀላል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ጥቃቅን የፀጉር ሕዋሳት አሉ። በዕድሜ፣ በኃይለኛ ድምፅ ወይም በመድኃኒት ከሞቱ አይተኩም። አንጎል የሚደርሰው መልእክት ሲያንስበት፣ ጣቢያው አልያዝ ሲለው የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ እንደሚያደርግ ሰው፣ የራሱን ማጉያ ከፍ ያደርጋል። ያኔ የነርቮቹ የራሳቸው እንቅስቃሴ እንደ ጭውታ፣ እንደ ፉጨት ወይም እንደ ሲርሲርታ ይሰማል። ማጉያው ከልክ ሲያልፍ ደግሞ የሳህን መጋጨት ወይም የልጅ ሳቅ ሳይቀር ያማል፤ ሐኪሞች ሃይፐርአኩሲስ የሚሉት ይህን ነው። ጆሮ ሲደፈን አንጎል የሚደርሰው መልእክት ይበልጥ ይቀንሳል፣ ማጉያውም ይበልጥ ከፍ ይላል። ጥጡ ሲወጣ ዓለም ሁሉ የሚጮኸው ለዚህ ነው። የድምፁ መጠን ሳይሆን ዓይነቱ ብቻ፣ ለምሳሌ የሰው ማላመጥ ወይም የብዕር መንኳኳት፣ የሚያበሳጭዎ ከሆነ ግን ያ ሌላ ችግር ነው። ስሙ ሚሶፎኒያ ሲሆን ሕክምናው ይበልጥ ወደ ሥነ ልቦና ያደላል።

ከአዋቂዎች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ጆሯቸው ይጮኻል። አብዛኛው ሰው ከጊዜ በኋላ ይላመደዋል፤ ድምፁ ቢኖርም ማስጨነቁን ይተዋል። ግቡም ይኸው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮው ይታይ

የጆሮ ጩኸት ምልክት ነው፤ አንዳንዴ ከጀርባው ፈጥኖ መታከም ያለበት ነገር ይኖራል። በሰዓታት ወይም ቢበዛ በ3 ቀን ውስጥ አንድ ጆሮ ድንገት መስማት ካቆመ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረሱ። የሚሰጠው የስቴሮይድ መድኃኒት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ግፋ ቢል በ2 ሳምንት ውስጥ ሲጀመር ነው። «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» እየተባለ የሚያልፈው ቀን ዋጋ ያስከፍላል። ፊት ሲጣመምም እንዲሁ ነው፦ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ መቀመጥ አይገባም።

ይህን ያህል ባያጣድፍም ሳይዘገይ መታየት ያለበት፣ ጩኸቱ ከልብ ምት ጋር እኩል ሲመታ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ ሲሰማ፣ ከባድ ማዞር አብሮት ሲመጣ፣ ከጆሮ መግል ሲፈስ ወይም ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ሲጀምር ነው።

መንገዱ ከሠፈር ጤና ጣቢያ ይጀምራል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው የሪፈር ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል ቢሄድ ወጪው ራሱ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ጤና ጣቢያውን መዝለል አያዋጣም። ከዚያ እንደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ጥቁር አንበሳ ወዳለ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይላካሉ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ከሐኪሙ ጋር የሚያገኙት ጊዜ ደግሞ አጭር። ስለዚህ በቁራጭ ወረቀት ላይ መቼ እንደጀመረ፣ በየትኛው ጆሮ እንደሆነ፣ የማያቋርጥ ይሁን የሚመታ፣ ምን ዓይነት ድምፅ ውስጥ እንደሚሠሩ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰዱ ጽፈው ይሂዱ። ጆሮው በመሣሪያ እንዲታይና የመስማት ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ።

መድኃኒቶቹን መዘርዘር የሚያስፈልገው አንዳንዶቹ ጆሮ ስለሚጎዱ ነው። ጄንታማይሲን፣ አሚካሲንና ስትሬፕቶማይሲን መርፌዎች፣ ሽንት የሚያበዛው ፉሮሰማይድ፣ ለወባ የሚሰጠው ኩይኒን፣ ለካንሰር የሚሰጠው ሲስፕላቲን፣ በብዛት የሚወሰድ አስፒሪንም ከነዚህ ናቸው። ይህን አንብበው መድኃኒት በራስዎ እንዳያቆሙ፤ በተለይ የቲቢ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ጩኸቱ እንደጀመረው ለሚከታተለው ባለሙያ በዚያው ሳምንት ይናገር። መቀየር ካለበት የሚቀይረው እሱ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ኩክ ብቻ ነው። የጆሮ ታምቡሩ ያልተበሳ መሆኑ ከታየ በኋላ ለብ ያለ የወይራ ዘይት ወይም ከፋርማሲ የተገዛ ግሊሰሪን 2 ወይም 3 ጠብታ በቀን 2 ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ያድርጉ። ከጨመሩ በኋላ 5 ደቂቃ በጎን ይተኙ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄደው ያሳጥቡት። ውኃው ወደ 37 ዲግሪ የተጠጋ መሆን አለበት፤ ከቀዘቀዘ ወይም ከሞቀ ራስ ያዞራል። የክብሪት እንጨት፣ የዶሮ ላባና የጥጥ እንጨት ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፉታል። የነጭ ሽንኩርት ወይም የጤና አዳም ጭማቂ የጆሮውን ቆዳ ያቃጥላል፤ ታምቡሩ የተበሳ ከሆነም አልፎ ይገባል። ታምቡሩ የተበሳ ሰው ጠበል ሲጠመቅ ጥጥ በቫዝሊን ለውሶ የጆሮውን አፍ ይድፈን፣ እንደጨረሰም ያውጣው።

የሌሊቱን ድምፅ ማዘጋጀት

ብዙ ሰው የሚሰቃየው ማታ ስለሆነ ሥራው ከዚህ ይጀምር። የሚፈለገው ድምፅ የማያቋርጥ፣ ከፍና ዝቅ የማይል፣ ትርጉምም የሌለው ነው፦ የዝናብ፣ የወንዝ፣ የነፋስ ወይም የቬንትሌተር ድምፅ። ወሬና ዘፈን ለቀን ጥሩ ናቸው። ለእንቅልፍ ግን አይሆኑም፤ አእምሮ ቃሉን ይከተላል። ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧም እንዲሁ፣ የሚቀጥለውን ጠብታ ያስጠብቃል።

ርካሹና አስተማማኙ መሣሪያ ቁልፉ የሚዞር አሮጌ የባትሪ ሬዲዮ ነው። ኤፍ ኤም ላይ አድርገው በሁለት ጣቢያዎች መካከል፣ ምንም በማይሰማበት ቦታ ያቁሙት፤ ሽሽታው ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ያህል ነው። ጣቢያ በራሱ የሚፈልግ ዲጂታል ሬዲዮ ግን ባዶ ቦታ ላይ ድምፁን ስለሚያጠፋ አይሠራም። ስልክ ከሆነ የሚጠቀሙት የዝናብ ድምፅ አስቀድመው ያውርዱ። ከኢንተርኔት በቀጥታ ሲያጫውቱ ወይ ዳታው ያልቃል፣ ወይ ማስታወቂያ ይገባል፤ ሌሊት በማስታወቂያ የነቃ ሰው ተመልሶ መተኛት ይቸግረዋል።

1. የፋይሉ ርዝመት ቢያንስ 1 ሰዓት ይሁን፤ ማጫወቻውን ድግግሞሽ ላይ ያድርጉት። አጭር ፋይል በየደቂቃው አልቆ ሲጀምር በመሃል የምትፈጠረው ቅጽበታዊ ዝምታ ጆሮን ትስባለች።

2. ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርገው ከራስጌ 1 ሜትር ያህል አርቀው ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት። ትራስ ሥር አይግባ፤ ይሞቃል። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫም ሌሊቱን ሙሉ አይደረግም።

3. ጋደም ብለው ድምፁን ከዜሮ ቀስ እያሉ ከፍ ያድርጉት። መጀመሪያ የሚሰማዎ ጭውታው ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ ሁለቱም ይሰማሉ። ከዚያ መደባለቅ የሚጀምሩበት ቦታ ይመጣል፤ እዚያ ሳይደርሱ ትንሽ ዝቅ ብለው ያቁሙ። ጭውታው መሰማት አለበት፤ ሐሳቡ አንጎል የማይሰማውን ነገር ሊላመድ አይችልም የሚል ነው። ፈጽሞ እስኪሸፈን ድረስ ከፍ ያደረገ ሰው ለዚያች ሌሊት ያርፋል፣ በማግስቱ ግን ድምፁን አሁንም ከፍ ማድረግ ያምረዋል።

4. እስኪነጋ ይጫወት። በ30 ደቂቃ እንዲጠፋ ካደረጉት ሌሊት ሲገላበጡ ጸጥታው ይቀበልዎታል።

5. የትዳር ጓደኛዎን ከረበሸ መሣሪያውን ወደ እርስዎ ጎን ያቅርቡትና ድምፁን ይቀንሱ። ርቀቱ ሲያጥር ለእርስዎ እኩል ይሰማል፣ ለሌላው ያንሳል።

በዳርቻው ሠፈር አንድ ነገር ፈጽሞ አይረሳ፦ መብራት። ከግድግዳ ሶኬት በሚሠራ ቬንትሌተር የተኛ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት መብራት ሲጠፋ በጸጥታው ይነቃል፣ ጭውታውም እጥፍ ሆኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የሌሊቱ ድምፅ በባትሪ የሚሠራ፣ ወይም ቀን የተሞላ ፓወር ባንክ ላይ የተሰካ ይሁን። ለሬዲዮው አንድ ትርፍ ጥንድ ድንጋይ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡ።

ቀንም ቢሆን ብቻዎን ጸጥ ባለ ቤት ሲሆኑ ሬዲዮ በዝቅታ ይክፈቱ። በዚህ ሰዓት የሚወዱት ወሬ ወይም ሙዚቃ ይሻላል።

ቤቱን ማለዘብ

ድምፅ የሚከብደውን ሰው ከጎረቤት ጩኸት ይልቅ የራሱ ቤት ብረት ያሳምመዋል። የላሜራ በር ተወርውሮ ሲዘጋ ድንገት የሚወጣው ድምፅ ከማንኛውም ቀጣይ ድምፅ ይከፋል። መፍትሔው ከጎማ ሠራተኛ የሚገኝ አሮጌ ካላማዳሪያ ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ረጃጅም ቁራጮች ይቁረጡት። የበሩን ማዕቀፍ ዝገትና አቧራ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ማስቲሹን በጎማውም በብረቱም ላይ ይቀቡ፣ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቁና አጥብቀው ይጫኑት። ማስቲሹ ሳይደርቅ የለጠፈ ሰው ጎማው በማግስቱ ሲረግፍ ያየዋል። ጎማው የሚለጠፈው በሩ ሲዘጋ በሚያርፍበት በቁልፉ በኩልና ከላይ ነው፤ በማጠፊያው በኩል ከለጠፉ ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ በሩ አልገጥም ይላል። ያም ሆኖ ቁልፉ እምቢ ካለ ጎማው ወፍሯል፤ ከሳሳ ካላማዳሪያ ይቁረጡ።

ከውጭ የሚገባው ድምፅ የሚያልፈው በብዛት በአየር ክፍተት ነው። ወፍራም መጋረጃ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ከመንገድ የሚመጣውን እምብዛም አያግድም። በመስኮቱ ፍሬምና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት በሲሊኮን መድፈን፣ ከበሩ ሥር በጨርቅ የተሰፋ አሸዋ የሞላ ረጅም ከረጢት ማጋደም ይበልጣል። ነገር ግን ይህን ያደረገ ቤት ውስጥ ከሰል አይነድም። ክፍተቱ ሲደፈን የከሰል ጭስ ማምለጫ ያጣል፤ ከጭሱ ጋር ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ምድጃው ቤት መግባቱ ግድ ከሆነ ከረጢቱ ይነሣ፣ መስኮቱም ይከፈት።

ክረምት ሲገባ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የላሉ ምስማሮች ከነጎማቸው ከሰኔ በፊት ይጠበቁ፤ ነፋስ የሚያራግበው ቆርቆሮ ከዝናቡ በላይ ይረብሻል። የማዳበሪያ ኮርኒስ ቀላል ስለሆነ ድምፅ አይገታም፤ ቺፑድ ወይም ጂፕሰም ክብደት ስላለው ይሻላል። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ክፍል ከሆነ መኝታ ቤቱ ይቅደም።

ወጥ ቤት ውስጥ ሙቀጫውን አራት የታጠፈ ጆንያ ላይ ያኑሩት፤ ወለሉ ስለማይነዝር ድምፁ ይለዝባል። ጁስ መፍጫውም እንዲሁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከላይ ለሚኖሩት ጎረቤት ለወንበር እግር የሚሆን የካላማዳሪያ ቁራጭ አዘጋጅተው መስጠት ከተደጋጋሚ አቤቱታ የበለጠ ያስገኛል።

መሰኪያ መቼ ይደረግ፣ መቼ ይውጣ

አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፅዎን ከፍ ማድረግ ካስፈለገዎ አካባቢው ወደ 85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ደርሷል። ለሥራ ቦታ የሚመከረው ጣሪያ በዚህ መጠን ለ8 ሰዓት ሲሆን፣ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ያጥራል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። ግራይንደር ብረት ሲቆርጥ አጠገቡ የቆመ ሰው 100 ዴሲቤል አካባቢ ይደርስበታል። ስለዚህ ብየዳ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ጄነሬተር አጠገብና ሠርግ ድንኳን ውስጥ ሞንታርቦው ሥር መሰኪያ ይደረግ። ቤት፣ ገበያ፣ ቢሮና ታክሲ ውስጥ አይደረግም።

ጥጥ መሰኪያ አይደለም፤ የሚቀንሰው በጣም ጥቂት ነው። የስፖንጅ መሰኪያ በንጹሕ እጅ በጣቶች መካከል እየተንከባለለ እስኪቀጥን ይጠቀለላል። በሌላው እጅ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ያስገቡት፣ እስኪነፋ 30 ሰከንድ በጣት ደግፈው ይያዙት። የራስዎ ድምፅ ወፍራም ሆኖ ከተሰማዎ ገብቷል። ጆሮውን ሳይስቡ አፉ ላይ የተወተፈ መሰኪያ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ሩቡን እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ሲቆሽሽ ይጣላል፤ ለሌላ ሰው አይዋስም።

ቀኑን ሙሉ መሰኪያ የለመደ ሰው በአንድ ቀን አይተወው። ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ፣ ዝቅተኛ የዝናብ ድምፅ ከፍቶ፣ ለ30 ደቂቃ ያውጣው። በየ3 ወይም በየ4 ቀኑ 30 ደቂቃ ይጨምር። ቀጥሎ ግቢ፣ ከዚያ ሰው የማይበዛበት መንገድ፣ በመጨረሻ ታክሲ። በመጀመሪያው ሳምንት ድምፅ ሁሉ ስለታም ይሆናል። ይህ ጆሮው እየተጎዳ ነው ማለት አይደለም፤ ማጉያው ገና አልወረደም ማለት ነው። መሰኪያው ኪስ ውስጥ ይኑር፤ መኖሩ ብቻ ብዙ ሰው ያረጋጋል።

ድምፅን ደረጃ በደረጃ መልመድ

የሚከብዱዎትን 10 ያህል ድምፆች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይጻፉና ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 የጭንቀት ነጥብ ይስጡ። ለአንዱ ሰው የቡና መቆላት 2፣ ሳህን ማጠብ 4፣ ሙቀጫ 6፣ የሚኒባስ ውስጥ ጉዞ 7፣ መናኸሪያ 9 ሊሆን ይችላል። ከ3 አካባቢ ይጀምሩ፤ በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ነጥቡ በግማሽ እስኪወርድ አብረውት ይቆዩ። ነጥቡ ለተከታታይ ቀናት 2 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ሙቀጫን እንውሰድ። በመጀመሪያ የሙቀጫ ድምፅ በስልክ ይቅዱና በዝቅተኛ መጠን ያጫውቱት፤ ድምፁን በእጅ ማጥፋት መቻል ግማሹን ፍርሃት ይወስዳል። ቀጥሎ ሌላ ሰው ከጓሮ ሲወቅጥ ቤት ውስጥ ሆነው ይስሙ። ከዚያ በዚያው ክፍል። በመጨረሻ ዘነዘናውን ራስዎ ይያዙ፤ ራስ የሚያወጡት ድምፅ መቼ እንደሚመጣ ስለሚታወቅ አያስደነግጥም። እዚህ ላይ ጆንያው ከሥር ይነሣ፤ ልምምዱ እሱ ነውና።

በልምምዱ ሳቢያ ሕመሙ ወይም ጩኸቱ እስከ ማግስቱ ከዘለቀ ደረጃው ተዘልሏል። አንድ ደረጃ ይመለሱ፤ ከሥር ግን አይጀምሩ፣ ወደ መሰኪያም አይሂዱ። ድምፅ በሰሙ ቁጥር ጆሯቸው ውስጥ ለቀናት የሚወጋ ሕመም የሚቆይባቸው ሰዎችም አሉ፤ እነሱ ይህን ከመስማት ባለሙያ ጋር፣ በጣም በዝግታ ቢያደርጉት ይሻላል።

ከልምምዱ ጎን ለጎን ዝቅተኛው የዝናብ ድምፅ በቀን ለ2 ሰዓት ይጀመርና በሳምንታት ውስጥ ወደ 6 ወይም 8 ሰዓት ይደግ። ለውጡ በቀናት አይታይም። በዚህ መንገድ የሚሰጥ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል።

እንቅልፍ፣ ቡናና ሐሳብ

ጩኸቱን በየሰዓቱ መለካት ይቁም። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ጠዋት ለምሳሌ፣ «ምን ያህል አስጨነቀኝ» ለሚለው ብቻ ከ0 እስከ 10 ይጻፉ። ስለ ድምፁ ጉልበት አይጻፉ፤ መጀመሪያ የሚወርደው ጭንቀቱ ነው።

በጥናት የተሻለ ማስረጃ ያለው ሕክምና የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው። ባለሙያ ባይገኝ እንኳ ዋናው ዘዴ በደብተር ይሠራል። ጩኸቱ ሲብስ በልብ የሚያልፈውን ሐሳብ እንዳለ ይጻፉ፦ «ልደነቁር ነው»። ከሥሩ የሚያውቁትን እውነት ያስፍሩ፦ «የመስማት ምርመራዬ ታይቷል፤ ባለፈው ወርም እንዲህ ብሶ በ3 ቀን ለቀቀኝ»። ከዚያ ያንን ሐሳብ ምን ያህል እንደሚያምኑት ከ10 እንደገና ይመዝኑ። ቁጥሩ መውረዱ ራሱ ልምምዱ ነው።

ጩኸቱ በብርቱ ሲነሣ የዝናቡን ድምፅ ይክፈቱ፣ 4 እየቆጠሩ ወደ ውስጥ፣ 6 እየቆጠሩ ወደ ውጭ ለ5 ደቂቃ ይተንፍሱ፣ ከዚያ እጅ የሚይዝ ሥራ ይጀምሩ፦ ምስር መልቀም፣ ልብስ ማጣጠፍ። መኝታ ላይ 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልወሰደዎ ይነሡ፤ ሌላ ቦታ ይቀመጡና ሲያንገላጅጅዎ ይመለሱ። የመነሻ ሰዓትዎ ግን አይቀየር።

ቡና ጩኸት ያብሳል የሚለው ወሬ ጠንካራ ማስረጃ የለውም። ድንገት ያቋረጠ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ከጎረቤት ጋር የሚጠጣውን ቡና የተወ ሰው ደግሞ ከጨዋታውም ይርቃል። የመጨረሻውን ስኒ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ማድረግ ለእንቅልፍ ይበቃል። ጫትና መጠጥ ግን እንቅልፍ ይበጠብጣሉ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጩኸቱ በማግስቱ ይከብደዋል።

መኖር እስኪያስጠላ ከደረሰ ለቤተሰብ ይነገር፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይኬድ። የአእምሮ ሕክምና በአማኑኤልም በሌሎች ሆስፒታሎችም ይሰጣል፤ እንቅልፉና ጭንቀቱ ሲታከም ጩኸቱም ይቀላል።

ከሰው ጋር

ከልቅሶ፣ ከሠርግና ከማኅበር መቅረት የሚጀምረው «ዛሬን ብቻ» ተብሎ ነው። ሰው ያልሄደበት ቦታ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ያስፈራዋል። ይሂዱ፣ ግን ቦታ ይምረጡ። ገላጣ ሜዳ ላይ ከድምፅ ማጉያ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ከ5 ሜትር ወደ 20 ሜትር የራቀ ሰው 12 ቀነሰለት ማለት ነው። ማጉያው ከሚያይበት አቅጣጫ ጎን ይቀመጡ፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ቅጥር ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ አይጠፋም። ለዕድሩ ዳኛ አስቀድመው ቢነግሩ ከድንኳኑ ዳር መቀመጥዎ እንደ ንቀት አይታይም።

ብየዳ ቤት ያለውን ጎረቤት ሥራ በሚበዛበት ሰዓት አያናግሩት። ማታ ሲዘጋ ሄደው፣ «ወንድሜ፣ እንጀራህን ተው አልልህም። ጆሮዬን ታምሜ ነው። መቁረጡን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ብታደርገው፣ ማሽኑንም ወደ ጓሮ ብታዞረው ይበቃኛል» ይበሉት። በዕድሜ ከፍ ላለው «ጋሼ» ብለው፣ አንድ ሽማግሌ ይዘው ይሂዱ። እምቢታ ከመጣ ሕግ አለ፦ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል። የአገሪቱ የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሠፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፣ ለንግድ ቦታ 65 እና 55፣ ለኢንዱስትሪ 75 እና 70 ነው። አቤቱታው አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ ለወረዳው፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ከሆነ ለሸገር ከተማ አስተዳደር ይቀርባል። የስልክ መለኪያ በጥቂት ዴሲቤል ሊሳሳት ስለሚችል፣ ቀንና ሰዓት ጽፈው በተለያዩ ቀናት 10 ደቂቃ የለኩትን ይያዙና ባለሙያ መጥቶ እንዲለካ ይጠይቁ።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት

የጆሮ ጩኸትን የሚያጠፋ ክኒን እስካሁን የለም። የአሜሪካ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ከዕፅዋት የሚሠራውን ጊንኮ ቢሎባን፣ ሜላቶኒንንና ዚንክን ለዚህ ሕመም አይመክርም። የጨው ቅነሳም የሚጠቅመው የውስጠኛው ጆሮ ሕመም በሆነው በሜኒየር በሽታ ለሚያዞራቸው ነው።

ምርመራው የመስማት መቀነስ ካሳየ ገንዘቡ ለመስማት መርጃ መሣሪያ ይዋል። ከውጭ የሚገባው ድምፅ ሲመለስ አንጎል ማጉያውን ዝቅ የማድረግ ዕድል ያገኛል፣ ብዙ ሰው ጩኸቱም ይቀንስለታል። ነገር ግን መርካቶ ያለ ምርመራ የሚሸጡት ማጉያዎች የሚሰማውንም የማይሰማውንም እኩል ያጎላሉ፤ ድምፅ ለሚከብደው ሰው ጉዳት ናቸው። መሣሪያው በኦዲዮግራሙ (የመስማት ምርመራው ውጤት በሚያሳየው ሰንጠረዥ) ልክ ይስተካከል፤ ከፍተኛ ድምፅ የሚያልፍበት ጣሪያም ዝቅ እንዲል ባለሙያውን በግልጽ ይጠይቁት። በመጀመሪያው ሳምንት ቤት ውስጥ በቀን 2 ሰዓት ያድርጉት፣ በየሳምንቱ 2 ሰዓት እየጨመሩ ቀኑን ሙሉ እስኪሆን ይሂዱ። ማታ ሲያወልቁት የባትሪውን በር ከፍተው በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ያሳድሩት፤ በክረምት እርጥበት ቶሎ የሚበላሸው ሳይከፈት የሚያድር ነው።